ቻይናው «ዲፖዚት» ሲል የትኛውን ነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከቻይናውያን ጋር የሚሠሩ፣ የሚነግዱና እንግሊዝኛ የሚያስጠኑ አንባቢዎች የላኩልኝ ጥያቄ ተከምሯል። አብዛኛው ስለ ገንዘብ ነው። አይገርምም። የእኛም የእነሱም ያልሆነ ቋንቋ መሀል ገብቶ ሒሳብ ሲያስማማ የሆነ ነገር መንጠባጠቡ አይቀርም። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬአቸዋለሁ። ሁለቱን ደግሞ ስድቡን አውጥቼ ነው ያቀረብኳቸው።

ዱከም ያለ ፋብሪካ ውስጥ ገንዘብ ያዥ ነኝ። አለቃዬ «አይ ቦሮ ዩ ፋይቭ ታውዘንድ» ይለኛል። ሊሰጠኝ ነው ወይስ ሊወስድብኝ?

ሊሰጥሽ ይመስለኛል። ግን በእኔ ግምት ካዝና አትክፈቺ። ቻይንኛ ለ«አበደረ»ም ለ«ተበደረ»ም አንድ ግስ ይበቃዋል፤ «ጂዬ» ይባላል። ማን ለማን እንደሰጠ የሚታወቀው አብራው በምትገባ ትንሽ ቃል ነው። ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገሩ ያቺ ትንሽ ቃል መንገድ ላይ ትቀርና «ቦሮ» ብቻውን ይደርሳል። እኛ ብድርን ከውሰት እንኳ ለይተን የምናወራ ሰዎች ስለሆንን ግራ ይገባናል። ለአለቃሽ እንዲህ በይው፦ ብሩ ከእጅህ ከወጣ «ሌንድ»፣ ወደ እጅህ ከገባ «ቦሮ»። ለራስሽ ደግሞ «ሁ ፔይስ ባክ?» ብለሽ ጠይቂ፤ ከዚያ አስፈርሚ።

ጓንጁ ሄጄ ሻጩ «ኤይት ዲስካውንት» አለኝ። ሰማንያ በመቶ የቀነሰልኝ መስሎኝ ስድስት ጃኬት አነሳሁ። ካሸሩ ጋ ስደርስ ሌላ ነገር ሆነ።

እርስዎ ብቻ አይደሉም። ቻይናዎች ቅናሽን የሚጠሩት በሚቀነሰው ሳይሆን በሚከፈለው ነው። «ስምንት ጀ» ማለት ከዋጋው ሰማንያ በመቶውን ይከፍላሉ ማለት ነው። የ100 ዩዋን ጃኬት 80 ይሆናል። «ሰባት ተኩል» ካሉዎት 75 ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ይደሰቱ፤ «ዘጠኝ» ሲባሉ አይጨፍሩ። የጃኬቶቹን ነገር ባለቤትዎ ያውቁት ይሆናል።

«ሪሲት» ላይ ያለችው «ፒ» ትነበባለች?

አትነበብም።

የመንገድ ሥራ ፕሮጀክት ላይ አስተርጓሚ ነኝ። ሥራ አስኪያጁ በስብሰባ «ሠላሳ አምስት ዋን» አለ። እኔ «ሠላሳ አምስት ሺህ» ብዬ ተረጎምኩ። ንዑስ ተቋራጩ ቱግ ብሎ ወጣ። ጥፋቱ የማን ነው?

ያንተ ነው፤ ግን ብዙ ጓደኛ አለህ። አንድ «ዋን» አሥር ሺህ ነው። ሠላሳ አምስት ዋን ማለት 350,000 ነው። ሰውየውን በዋጋው አንድ አሥረኛ ሥራ ውሰድ ብለኸዋል፤ ቢወጣ አይፈረድበትም።

ነገሩ የሚመጣው ከአከፋፈሉ ነው። እንግሊዝኛ በየሦስት ዜሮው ይተነፍሳል፦ ሺህ፣ ሚሊዮን፣ ቢሊዮን። ቻይንኛ በየአራት ዜሮው ነው የሚተነፍሰው። ከዋን ቀጥሎ አዲስ ስም የሚመጣው መቶ ሚሊዮን ላይ ነው፤ እሱ «ዪ» ይባላል። ሚሊዮን ለብቻው ስም የለውም፤ መቶ ዋን ነው። ቢሊዮን አሥር ዪ ነው። ስለዚህ ቻይናዊው «ሚሊዮን» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ሲሰማ በልቡ እየቆጠረ ነው። ፊቱን አይተህ «አልገባውም» ትላለህ። ገብቶታል፤ ዜሮ እያዛወረ ነው።

እኛም እኮ ይቺ ነገር ነበረችን። በግዕዝ አሥር ሺህ «እልፍ» ነው፤ የራሱ ምልክትም አለው፦ ፼። ዛሬ «እልፍ አእላፍ» ብለን ለብዛት ብቻ እንጠራዋለን እንጂ በእልፍ ደሞዝ የሚቀበል የለም። ለአንተ ግን ይጠቅምሃል። «ዋን» ስትሰማ በልብህ «እልፍ» በል።

በተግባር ይህን አድርግ። የሰማኸውን ቁጥር ማስታወሻህ ላይ ጻፍና አራት ዜሮ ጨምርበት፦ 35 ከዚያ 0000። ከዚያ ከቀኝ ጀምረህ በየሦስቱ ኮማ አስገባ፦ 350,000። አሁን አንብበው። ቁጥሩ ነጥብ ካለው ነጥቡን አራት ቤት ወደ ቀኝ ግፋ፤ 3.5 ዋን 35,000 ይሆናል። ወረቀቱን ደግሞ ለሁለቱም ወገን አሳይ። ዋጋን በአፍ ብቻ የሚያስተላልፍ አስተርጓሚ ቀልጣፋ አይደለም፤ ደፋር ነው። የጓንጁ ሻጮች ካልኩሌተር እየገፉ ዋጋ የሚያሳዩት እንግሊዝኛ ስላልቻሉ ብቻ ይመስልሃል?

ለአንድ ቻይናዊ ኢንጂነር እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። «ዘ ፎን ስፔንት ሚ ስድስት ሺህ» ይላል። ትዕግስቴ አልቋል።

አይዞሽ። በቻይንኛ «ኋ» የሚባለው ግስ ገንዘብም ጊዜም ያጠፋል። በእንግሊዝኛ ግን ሥራው ለአራት ተከፍሏል፦ ሰው «ስፔንድ» ያደርጋል፣ ዕቃ «ኮስት» ያደርጋል፣ ሒሳብ «ፔይ» ይደረጋል፣ ጊዜ የሚፈጅ ነገር «ቴክ» ነው። እነዚህን አራቱን ቻይና ትምህርት ቤት ውስጥ ሲያሸመድዷቸው ነው ያደጉት፤ ኢንጂነርሽ ፈተናውን አልፎ ረስቶታል። ከዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ ማን እንደተቀመጠ ብቻ ጠይቂው፤ ሰው ነው ወይስ ዕቃ? ሌላው ይከተላል። ደግሞ «ዘ ፕራይስ ኢዝ ቺፕ» ሲል አትሳቂበት። ዕቃው ነው «ቺፕ»፤ ዋጋው «ሎው» ነው። እኛም «ዋጋው ውድ ነው» እያልን ያንኑ ስህተት እንግሊዝኛ ውስጥ እናስገባለን።

ካፌ አለኝ። ቻይናዊ ደንበኞች በልተው ከፍለው «ኢንቮይስ፣ ኢንቮይስ» ይላሉ። ፕሮፎርማ ብሰጣቸው ተቆጡ።

የፈለጉት «ፋፒያው» ነው። ቻይና ውስጥ በግብር ሥርዓቱ የሚወጣ ሕጋዊ ደረሰኝ ነው፤ መሥሪያ ቤታቸው ያለ እሱ ወጪ አያወራርድላቸውም። መዝገበ ቃላቱ «ኢንቮይስ» ብሎ ስለተረጎመው እነሱም እንደዚያው ይላሉ። እርስዎ የሚሰጧቸው ከካሽ ሬጅስተር ማሽኑ የሚወጣውን፣ የግብር ከፋይ ቁጥርዎና ተጨማሪ እሴት ታክሱ ያለበትን ነው። በድርጅታቸው ስም ይጻፍልን ካሉ ስሙንና ቁጥሩን በወረቀት ይቀበሉ። የቀረውን ሒሳብ ሠራተኛዎን ይጠይቁ።

የማሸጊያ ማሽን ላስመጣ ጓንግዶንግ ካለ ፋብሪካ ጋር በዊቻት ተስማማሁ። 30 በመቶ «ዲፖዚት» ከፈልኩ። ማሽኑ በቀኑ አልደረሰም። ብሬን መልሱ ብላቸው «ዲፖዚት አይመለስም» አሉኝ። ቃሉ እኮ ተቀማጭ ማለት ነው፤ የተቀመጠ ነገር እንዴት አይመለስም?

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ የእርስዎ ጥያቄ ነው። ከመልሴ በፊት አንድ ነገር፦ የቻይናን የንግድ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ያነጋግሩ። ይህን ለወጉ ያህል አልልም። ከታች ያለውን አንብበው ራስዎ ልክራከር ካሉ ቀሪውም 70 በመቶ አደጋ ላይ ነው።

«ዲፖዚት» በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ነው። ከጀርባው ግን ቢያንስ ሦስት የቻይንኛ ቃላት ይቆማሉ። አንዱ «ያጂን» ነው። ቤት ሲከራዩ ወይም ዕቃ ሲወስዱ ለጉዳት መያዣ የሚሰጥ ነው፤ ዕቃው በደህና ሲመለስ እሱም ይመለሳል። እርስዎ የተረዱት ይህን ነው።

ሁለቱ ግን ድምፃቸው ፍጹም አንድ ነው። ሁለቱም «ዲንግጂን» ይባላሉ። ጆሮ አይለያቸውም፤ ቻይናዊ ጆሮም አይለያቸውም። የሚለዩት በጽሑፍ ነው። የአንደኛው የመጀመሪያ ፊደል አናቱ ላይ እንደ ጣሪያ የሚሸፍን ጭረት አለው። የሁለተኛው በግራ ጎኑ ንግግርን የሚያመለክት ቀጭን ምልክት ይዟል። ይቺ ጭረት ናት ብርዎን የምትወስነው።

ጣሪያ ያለው ቀብድ ነው። እ.ኤ.አ. ከጥር 2021 ጀምሮ የሚሠራበት የቻይና የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ እሱ በግልጽ ይናገራል፦ ከፋዩ ውሉን ካፈረሰ ገንዘቡን አይጠይቅም፤ ተቀባዩ ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል። የእኛም የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ ተመሳሳይ ነገር አለው፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ የሰጠ ካፈረሰ ያጣል፣ የተቀበለ ካፈረሰ እጥፍ ይከፍላል። ስለዚህ ሐሳቡ ለመርካቶ ሰው አዲስ አይደለም። «ዲፖዚት» የሚለው ቃል ነው ያዘናጋዎት። «ቀብድ ክፈል» ቢሉዎት ኖሮ ሁለቴ ያስቡ ነበር።

የንግግር ምልክት ያለው ደግሞ ተራ ቅድሚያ ክፍያ ነው። ያ የቅጣት ጉልበት የለውም፤ ውሉ ሲፈርስ በመርህ ደረጃ ይመለሳል፤ የደረሰ ጉዳት ካለ ለብቻው ይሰላል።

አሁን ሻጩ የማያነሳልዎትን ልጨምር። የቻይናው ሕግ ቀብድን ከጠቅላላው ዋጋ ከ20 በመቶ እንዳያልፍ ይገድበዋል። ከዚያ የበለጠው የቀብድ ውጤት የለውም። ማሽኑ 100,000 ዩዋን ነው እንበል። 30,000 ከፍለዋል። ወረቀቱ ላይ ያለው ባለ ጣሪያው ቢሆን እንኳ ቀብድ ሊሆን የሚችለው 20,000ው ነው። 10,000ው ተራ ቅድሚያ ክፍያ ነው። ያዘገየው ሻጩ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ሊገለብጠው ይችላል። መዘግየቱ ውል ማፍረስ የሚባል ደረጃ ደርሷል ወይ? በውሉ የትኛው አገር ሕግ ይገዛል? ክርክር ቢነሳ የት ይታያል? እነዚህን እኔ አልመልስልዎትም። ጠበቃ ያልኩት ለዚህ ነው።

እስከዚያው ድረስ የዊቻት ንግግሩን አያጥፉ። ፎቶ ያንሱት። ክፍያው የገባው በፋብሪካው ስም ይሁን በግለሰብ ስም ከባንክ ሰነድዎ ላይ ይመልከቱ። ፕሮፎርማው ላይ ያለውን የቻይንኛ ቃል ቻይንኛ ለሚያነብ ሰው ያሳዩ፤ ለስልክዎ ትርጉም አይስጡት፤ ለሁለቱም «ዲፖዚት» ብሎ ሊመልስልዎት ይችላል። ለወደፊቱ ደግሞ እንግሊዝኛው ላይ «ሪፈንደብል» ወይም «ነን-ሪፈንደብል» የሚል ይጨመርበት፤ በምን ሁኔታ እንደሚመለስም አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ሻጩ ይህን ለመጻፍ ካንገራገረ መልሱን አግኝተዋል።

ክፍት የሥራ ማስታወቂያ ላይ «ባጀት ኢንጂነር» የሚል አየሁ። ምንድን ነው? እኔ ሲቪል ነኝ።

አመልክት። ኳንቲቲ ሰርቬየር ማለታቸው ነው። ቻይንኛው «ዩስዋን» የቤት ባጀትንም የግንባታ ዋጋ ግምትንም በአንድ ቃል ይጠራል። ቦታው ስትደርስ «ባጀቱን አምጣ» ቢሉህ የሚፈልጉት የሥራ ዝርዝርና የዋጋ ስሌት ነው እንጂ የወር አስቤዛ አይደለም።

በቃለ መጠይቅ «ሳላሪ» ብለው 20,000 ነገሩኝ። ደሞዝ ቀን ግን በጣም ያነሰ ገባ። ተጭበረበርኩ?

ምናልባት አልጠየቅሽም። «ሳላሪ» ብቻውን ግሮስ ይሁን ኔት አይናገርም። ከጥቅል ደሞዝሽ ላይ የሥራ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮሽ ይቆረጣሉ፤ አሠሪው ደግሞ ከራሱ 11 በመቶ ይጨምራል፤ ያ ካንቺ ላይ አይቆረጥም። «ቢፎር ታክስ ኦር አፍተር ታክስ?» ብለሽ ጠይቂ፤ ቻይናዊ ሰው ኃይል አስተዳደር ይህችን ሐረግ በደንብ ያውቃታል። የተቆረጠው ከዚህ ሌላ ከሆነ የፔሮል ዝርዝሩን በጽሑፍ ጠይቂ። 

ቻይናዊት የሥራ ባልደረባዬ ወር በገባ በሃያ ቀኑ «አይ አም ሙንላይት» ትላለች። ሮማንቲክ ናት ወይስ ምን?

ባዶ ኪስ ናት። «ዩዌጉዋንግ» በቻይንኛ የጨረቃ ብርሃን ነው፤ ግን «ዩዌ» ወርም ነው፣ «ጉዋንግ» ደግሞ ሙልጭ ብሎ ያለቀ ነገር ይባላል። ደሞዛቸውን ወር ሳይሞላ የሚጨርሱ ወጣቶችን እንዲህ ይጠሯቸዋል። በእንግሊዝኛ «ፔይቼክ ቱ ፔይቼክ» ብትል ይገባታል። የእኛን «ከእጅ ወደ አፍ» አስተምራት፤ ትወደዋለች። ብድር ከጠየቀችህ ግን «ቦሮ» ስትል ወደ የት አቅጣጫ እንደሆነ አጣራ።

ምሳ ላይ «ኤ-ኤ» እናድርግ አለኝ። የአዲስ አበባ ታርጋ መስሎኝ ዝም አልኩ።

ሁሉም የራሱን ይክፈል ማለቱ ነው። ቻይናዎች «ኤ-ኤ»ን እንግሊዝኛ አድርገው ያስባሉ፤ እንግሊዝ ግን ብትጠይቀው አያውቀውም። «ስፕሊት ዘ ቢል» ብትለው ለሁለታችሁም ይሠራል። ዝም ካልክ ማን ከፈለ?