«እስከ መጨረሻው ይተኛሉ»፦ ስለ ፍቅርና ወሲብ ልቦለድ አስተያየት ሲጻፍ

ጥያቄ፦ በቅርብ ጊዜ የወጡ የፍቅር ልቦለዶችን፣ ወጥ ድርሰትም ትርጉምም፣ አነባለሁ፤ የተሰማኝንም ለጓደኞቼ እጽፋለሁ። ሰሞኑን ስለ አንድ ትርጉም መጽሐፍ እንዲህ አልኩ፦ «ይህን ፍቅራዊ ልብ ወለድ አፈቀርኩት። በገጸ ባሕርያቶቹ መካከል ጥሩ ኬሚስትሪ አለ። ግን ቅመሙ በዝቷል። በሦስተኛው ምዕራፍ ፍቅር ይሠራሉ፤ ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ይተኛሉ።» ጓደኞቼ በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ሲስቁ ሰነበቱ። አንዷ ደግሞ «ወሲባዊ ልቦለድ ነው ብትይ ይበቃ ነበር» አለችኝ፤ እኔ ግን ደራሲዋን መስደብ መሰለኝ። በተረፈ ባለታሪኮቹ አለቃና ሠራተኛ ሆነው ሳለ ከመጀመሪያው ገጽ አንተና አንቺ መባባላቸው ጎርብጦኛል፤ ለምን እንደሆነ ግን ማስረዳት አቃተኝ። እንዴት ብጽፈው ይሻል ነበር?

መልስ፦ ከሳቁ እንነሳ። «ተኛ» ብቻውን ሲቆም እንቅልፍ ነው፤ «ሐኪም ቤት ተኛ» ሲባል ደግሞ ሕመም። ወደ ሌላው ፍቺ የሚዞረው «አብረው» ወይም «ከእሷ ጋር» ሲታከልበት ነው። እርስዎ ይህችን አንዲት ቃል ስለተዉ፣ ጓደኞችዎ ከሦስተኛው ምዕራፍ እስከ መጽሐፉ ማብቂያ የሚያንኮራፉ ሁለት ሰዎች ታይተዋቸዋል። «አብረው ይተኛሉ» ቢሉ የሚስቅ አይኖርም ነበር።

«ፍቅር ይሠራሉ» ያላሳቀው ጆሮ ስለለመደው ነው እንጂ ከዚያኛው ተሽሎ አይደለም። አማርኛ ቤት ይሠራል፣ ወጥ ይሠራል፣ ስህተት ይሠራል፤ ፍቅር ግን አይሠራም። እንዲያውም በቋንቋችን አድራጊው ፍቅር ራሱ ነው፤ ሰው ተደራጊ ነው። «ፍቅር ያዘኝ» ስንል፣ «ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ» ስንል እንደምናደርገው፣ ሰውየውን ነገሩ ሲመጣበት እናሳያለን። ፍቅር ይይዛል፣ ይጠናል፣ ይበርዳል። «በፍቅር ወደቀች» የሚለውም ከውጭ የመጣ አነጋገር ነው፤ «ፍቅር ጣላት» እያለን መዋስ አያስፈልገንም ነበር። በልቦለድ ውስጥ ውጭ አገር የኖረ ገጸ ባሕርይ «ፍቅር እንሥራ» ቢል አነጋገሩ ማንነቱን ያሳያልና ይሁንለት። አስተያየት ጸሐፊ ግን የሚገደድበት ምክንያት የለም።

ታዲያ በምን እንተካው? እዚህ ላይ ቃል አጥተን አንቸገርም፤ የሚያስቸግረን እያንዳንዱ ቃል የመጣበትን ቤት ይዞ መዞሩ ነው። «ግብረ ሥጋ ግንኙነት» የሐኪምና የዳኛ ነው። «ሩካቤ» ረከበ ከሚለው የግዕዝ ግስ የወጣ ነው፤ ረከበ «አገኘ» ማለት ሲሆን ሩካቤ የቤተ ክህነትና የጋብቻ ትምህርት ሽታ አለው። «ፍትወት»ን የወለደው ፈተወ በግዕዝ መሻት፣ መመኘት ነው፤ በትግርኛ ዛሬም መውደድ ነው። አማርኛ ላይ ግን ከስብከት ጋር ስለኖረ ሲሰማ ኀጢአት ኀጢአት ይላል። «ወሲብ» ከሁሉ የሚገርመው ነው። ግዕዙ አውሰበ «አገባ» ማለት ነው፣ አውስቦም ጋብቻ። ዛሬ ልጅ ፊት የማይነሳው ቃል አመጣጡ ከሰርግ ቤት ነው እንደማለት ነው። ይህን የምለው ቃሉ ስድብ አለመሆኑን ለማስታወስ ነው፤ ለአንባቢ አስተያየት ከአራቱ የሚመቸው «ወሲብ» ነው፣ ሕክምናም ስብከትም አይሸትም።

ይዞት የሚሄደው ግስ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ወሲብ ፈጸሙ» ብለው ይጻፉና ጮክ ብለው ያንብቡት፤ የፖሊስ ምርመራ መዝገብ ይመስላል፣ ምክንያቱም «ፈጸመ» የወንጀልና የግዴታ ጓደኛ ነው። ብዙ አዳዲስ ልቦለዶች ጥሩ አድርገው የገነቡትን ትዕይንት የሚገድሉት በዚህ ግስ ነው። ስለ መጽሐፉ ሲጽፉ በስም ይሂዱ፦ «የወሲብ ትዕይንቱ»፣ «የአልጋው ምዕራፍ»። ግስ ካስፈለገ «አብረው ተኙ»፣ «አብረው አደሩ» ይበቃል።

አሁን ወደ ስያሜው። «የፍቅር ልቦለድ» እና «ፍቅራዊ ልቦለድ» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ርእሰ ጉዳዩን ይናገራል፣ ሁለተኛው ጠባዩን፤ «ፍቅራዊ ሰላምታ» ስለ ፍቅር የሚያወራ ሰላምታ አይደለም። ስለዚህ «የፍቅር ልቦለድ» ይበሉ። ወሲብ ሲገባበት ደግሞ አማርኛ ሦስት መሣሪያ አለው። «ታሪክ ቀመስ» እና «ታሪካዊ» ልቦለድ እንደምንለው ሁሉ፣ «ወሲብ ቀመስ» ጣዕሙ ያለበት ነው፤ «ወሲባዊ» ሁለመናው በዚያ የቆመ ነው። «ወሲብ ነክ» ርእሱን ይነካል እንጂ ስለ አጻጻፉ አይናገርም፤ የጤና ምክርም ወሲብ ነክ ነው። መለያው ቀላል ነው። የአልጋ ትዕይንቶቹን በሐሳብዎ አውጥተው ታሪኩን ይተርኩት። ቆሞ ከሄደ፣ ወሲብ ቀመስ የፍቅር ልቦለድ ነው። ሁለቱ ሰዎች የሚለወጡት፣ የሚተማመኑት፣ የሚጣሉት በእነዚያ ትዕይንቶች ውስጥ ስለሆነ ታሪኩ ከፈረሰ፣ ወሲባዊ ልቦለድ ነው፤ እንዲህ ብሎ መጥራት ደራሲዋን መስደብ ሳይሆን የሠራችውን በስሙ መጥራት ነው። መጀመሪያውኑ የሚተረክ ነገር ከሌለ «ልቅ ወሲብ» የሚለው አለ፤ ይህኛው ግን ፍርድ ነውና የጻፈው ሰው ይጠየቅበታል። «የወሲብ መጽሐፍ» ከማለት ይቆጠቡ፤ «የወሲብ ፊልም» የሚለው አጠራር አበላሽቶታል።

ሌላ ወጥመድ አለ። እንግሊዝኛው «ሮማንስ» የሚለው ዘርፍ ሁለት ግዴታ አለበት፦ ፍቅሩ የታሪኩ እምብርት መሆን፣ መጨረሻውም ተስፋና እርካታ የሚሰጥ መሆን። የኛ «የፍቅር ልቦለድ» ሁለተኛውን ግዴታ ፈርሞ አያውቅም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በስሙ ላይ መቃብርን አስቀምጦ የፍቅር ልቦለዶቻችን አውራ ሆኗል። ስለዚህ «የፍቅር ልቦለድ ሆኖ ሳለ ባለታሪኮቹ መለያየታቸው ስህተት ነው» የሚል አንባቢ የሌላውን ዘርፍ ሕግ በኛው ላይ እየጫነ ነው። መጨረሻው የተረጋገጠውን ዓይነት ማለትዎ ከሆነ «ሮማንስ» ብለው በፊደላችን ይጻፉት፤ ቃሉ የሚያገለግለው ለዚህ ነው።

«አፈቀርኩት» ለመጽሐፍ አይሆንም። ማፍቀር ከሰው ጋር ነው፤ መጽሐፍ ይወደዳል። «ኬሚስትሪ አለ» ለማለት «ኮከባቸው ገጥሟል» የሚሉ አሉ፤ እሱ ግን የጠባይና የዕድል መስማማት ነው፣ የመፈላለግ አይደለም። «ይሳሳባሉ» ነገሩን በአንድ ግስ ይጨርሰዋል። ወሲቡ በዛ ለማለት የጻፉት «ቅመሙ በዝቷል» ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው የሚያሰማው፤ አማርኛ ላይ ወሬ ቅመም ሲጨመርበት ተጋነነ ማለት ነው። አንባቢዎ ደራሲዋን በማጋነን የከሰሷት ይመስለዋል። «በዝቷል» የሚለው ራሱም ስለ መጽሐፉ የተሰጠ ብያኔ ነው። «በዛብኝ» ቢሉ ያቺ «‑ብኝ» ነገሩን ወደ እርስዎ ትመልሰዋለች፤ የአንድ አንባቢ ስሜት መሆኑ ይታወቃል፣ ክርክርም አያስነሳም። «ፍቅራቸው አልዋጠልኝም» ውስጥ ያለችው «‑ልኝ»ም እንዲሁ ናት። አስተያየት የሚጻፍበት አማርኛ ግማሹ በእነዚህ ቅጥያዎች ነው የሚሠራው።

የአልጋ ትዕይንት ጥሩ ወይም መጥፎ መሆኑን ለመናገር ካሰቡ፣ አንድ ገጽ ይምረጡና ግሶቹን ብቻ በእርሳስ ያስምሩ። «ሳማት፣ አቀፋት፣ ጎተታት፣ ደባበሳት» ብቻ ከሆነ፣ ሴትዮዋ በሰዋስው ደረጃ ዕቃ ናት፤ ገጹ ሙሉ አንድም ነገር አላደረገችም። አማርኛ «ተሳሳሙ፣ ተቃቀፉ» የሚል የመደራረግ ቅርጽ አለው፤ ሁለቱም ፈቅደው ሁለቱም እያደረጉ መሆኑን ያለ ተጨማሪ ቃል ይናገራል። ተርጓሚዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት እዚህ ነው። «ሳሙ» ብለው ይጽፋሉ፣ አንባቢ «ማንን?» ይላል፤ ወይም «ተሳሙ» ይላሉ፣ ሌላ ሰው የሳማቸው ይመስላል። «ነካካት» የሚለውንም ይዩት፤ ነካካ የማይነካ ነገር መነካካት ነው፣ ደራሲው ሳያስበው ትዕይንቱን ያቆሽሸዋል። «ደባበሳት» የሚያለቅስ ሰው ማባበልንም ይጠራል። «ታቀፋት» ሕፃን የያዘ ሰው፣ አለዚያም እንቁላል ላይ የተቀመጠች ዶሮ ያመጣል። ሰውነትን የሚጠሩት ቃላትም እንደዚያው ናቸው፦ «አካሏ» የሐኪም ነው፣ «ሥጋዋ» የሰባኪ፤ «ገላዋ» ግን ውኃና እጅ የሚያውቀው ነው፣ ለዚህ ቦታ የተፈጠረ። (በነገራችን ላይ የመጽሐፍ አስተያየት «ዳሰሳ» መባሉ፣ በዚህ ዘርፍ ሲሆን ፈገግ ያሰኛል።)

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ቢኖር ፈቃድ በሌለበት ትዕይንት ላይ ነው። «እምቢ» እያለች የተደረገባትን «አብረው ተኙ» ብሎ ማጠቃለል ትክክል አይደለም፤ «አብረው» ሁለት ፈቃድ ይፈልጋል። ቃሉ «ደፈራት» ነው፣ መጽሐፉ ፍቅር ብሎ ቢጠራውም።

አንተና አንቺ መባባላቸው የጎረበጥዎ በትክክል ነው። እንግሊዝኛ ለአለቃም ለፍቅረኛም ያለው አንድ «ዩ» ነው፤ ስለዚህ ዋናው መጽሐፍ አንቱታው መቼ እንደሚነሳ አይነግርም፣ ተርጓሚው ራሱ መወሰን አለበት። አማርኛ ላይ ይህ ውሳኔ የታሪኩ አንድ ትዕይንት ነው። ሠራተኛዋ አሥር ምዕራፍ «ሻይ ይፈልጋሉ?» ስትል ቆይታ አንድ ማታ «ሻይ ትፈልጋለህ?» ብትል፣ «ወድጄሃለሁ» ማለት ሳያስፈልጋት ሁሉ ነገር ተነግሯል። አለቃው «አንቺ» እያላት እሷ «እርስዎ» ስትለው ደግሞ በመካከላቸው ያለው የሥልጣን ልዩነት በየዓረፍተ ነገሩ ይታያል፤ ይህ ዓይነት ልቦለድ የሚኖረው በዚሁ ልዩነት ነው። ከመጀመሪያው ገጽ «አንተ» ካስባላት፣ ተርጓሚው መሰላሉን አውጥቶ ጥሎ ጣሪያው ላይ አስቀምጧቸዋል። ጠንቃቃ ተርጓሚ ሥራውን ሳይጀምር ማን ማንን ምን እንደሚል፣ በየትኛው ምዕራፍ እንደሚለውጥ በአንድ ወረቀት ላይ ይጽፋል። ያንን ያላደረገውን የሚያስታውቀው፣ በአንድ ንግግር ውስጥ «እርስዎ» ብሎ ጀምሮ «ታውቃለህ» ብሎ ሲጨርስ ነው።

ሆሄያቱን በአጭሩ። «ገጸ ባሕርያት» ብዙ ነው፤ «‑ኦች» ሲታከልበት ድርብ ብዙ ይሆናል። «ገጸ ባሕርያቱ» ይበሉ። «ልብ ወለድ»ም «ልቦለድ»ም ያስኬዳል። እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ የታተመውና ኋላ «ጦቢያ» የተባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» ይል ነበር፤ ያኔ ቃሉ ለ«ታሪክ» ቅጽል ነው። ዛሬ ብቻውን ስም ሆኖ ስለቆመ መዋሐዱ ተገቢ ነው፤ «ልቦለዶች» ከ«ልብ ወለዶች» ይልቅ ለአፍም ይቀላል። አንዱን መርጠው ይጽኑበት።

እንግዲህ ጽሑፍዎ እንዲህ ቢሆንስ፦ «ይህን ሮማንስ ወደድኩት። ሁለቱ ባለታሪኮች ከመጀመሪያው ገጽ ይሳሳባሉ፤ ፍቅራቸውም እያደር ሲጠና ይታያል። የወሲብ ትዕይንቱ ግን በዛብኝ፤ ከሦስተኛው ምዕራፍ ወዲህ በየምዕራፉ አብረው ይተኛሉ፣ ታሪኩም እዚያው ይቆማል። ተርጓሚው አንቱታውን ገና ከመነሻው ስላነሳው የመቀራረባቸው መንገድ ግማሹ ጠፍቷል።»

«ታሪኩም እዚያው ይቆማል» ያልኩት ትዕይንቶቹ ቢወጡ ምንም እንደማይጎድል ገምቼ ነው። የማውጣቱን ሙከራ ሠርተው ታሪኩ ከፈረሰብዎ ግን፣ ጓደኛዎ ልክ ናት፤ «ሮማንስ» የሚለውን በ«ወሲባዊ ልቦለድ» ይተኩት። ያን ጊዜ «በዛብኝ» የሚለው ቅሬታም አብሮ ይወጣል፤ ወሲባዊ ልቦለድን ወሲብ በዛብህ ማለት የግጥም መድበልን ስንኝ በዛብህ እንደማለት ነው። ቅር ያለዎት ትዕይንቶቹ እርስ በርስ ስለተመሳሰሉ ከሆነ፣ «አንዱ ከሌላው አይለይም» ብለው ይጻፉት።