ማሽኑ ሳይጠፋ ፓወር ሰፕላይና ፋን መቀየር፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ራክ (የማሽን መደርደሪያ) ላይ ባሉ ሰርቨሮችና ስዊቾች (የኔትወርክ ማገናኛዎች) ላይ ፓወር ሰፕላይ (ለማሽኑ ኃይል የሚሰጠው ክፍል) እና ፋን ስለመቀየር ያነሳችኋቸውን ጥያቄዎች በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሰርቨሩ እየሠራ ፓወር ሰፕላይ መንቀል ይቻላል?

መልስ፦ እየሠራ እንዲነቀል የተሠራ ከሆነና ሁለት ካለው፣ አዎ። ግን ሁለት መኖሩ ብቻ አይበቃም። በአብዛኛው ሁለቱ ሎዱን (ማሽኑ የሚወስደውን ኃይል) ተካፍለው ይሸከማሉ፤ አንዱ ሲነቀል ሁሉም በቀሪው ላይ ይወድቃል። ሰርቨሩ 900 ዋት እየወሰደ ቀሪው የ750 ዋት ከሆነ፣ ሊጠፋባችሁ ይችላል። መጀመሪያ አሁን ስንት ዋት እየወሰደ እንደሆነ እዩ።

ጥያቄ፦ የተበላሸው የትኛው እንደሆነ በምን ልለይ?

መልስ፦ በዚህ ሥራ የምፈራው ይህን ነው። የተበላሸው ሳይሆን ደህናው ከተነቀለ ማሽኑ እዚያው ይጠፋል። በሎጉ (ማሽኑ ስህተቶችን በሚመዘግብበት ዝርዝር) ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ አትመኑ፤ ከፊት ስታዩት ግራ የነበረው ከኋላ ቀኝ ነው። የማሽኑን መለያ መብራት ማሽኑን ከምትቆጣጠሩበት ኮምፒውተር አብሩና ከኋላ ዞራችሁ እሱ የሚበራበትን ፈልጉ። ቀጥሎ በቀዳዳው አጠገብ የታተመውን ቁጥርና የፓወር ሰፕላዩን መብራት ከሎጉ ጋር አስተያዩ። ሦስቱ ካልተስማሙ እጃችሁን አታስገቡ።

ከተስማሙም መቆለፊያውን ከመንካታችሁ በፊት ገመዱን ብቻ ንቀሉ፤ እሱንም ከፓወር ሰፕላዩ በኩል እንጂ ከፒዲዩው (ለራኩ ማሽኖች ኃይል ከሚያከፋፍለው ባለ ብዙ ሶኬት) በኩል አይሁን፤ እዚያ የጎረቤት ማሽን ገመድ ሊወጣ ይችላል። ደግሞ መብራቱ ጨርሶ ጠፍቶ ካገኛችሁት፣ የሞተው ገመዱ ወይም የፒዲዩው ብሬከር ሊሆን ስለሚችል አዲስ ዕቃ ከማውጣታችሁ በፊት እነሱን ፈትሹ።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሪክ ይይዘኛል?

መልስ፦ ገመዱን ነቅላችሁ መብራቱ እስኪጠፋ ከጠበቃችሁ፣ ባዶው ቀዳዳ ውስጥም ጣት ወይም መፍቻ ካላስገባችሁ አያሰጋም። ፓወር ሰፕላዩን ግን በፍጹም አትፍቱ፤ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያከማቹ ክፍሎች) ገመዱ ከተነቀለም በኋላ ቻርጅ ይይዛሉ። በ48 ቮልት ዲሲ የሚሠራ ከሆነ ብሬከሩን አጥፍታችሁ ቆልፉት፣ በመልቲሜትር ለኩ፣ ግራውንዱን (የመሬት ሽቦውን) መጨረሻ ፍቱ፤ ስትመልሱ መጀመሪያ እሱን እሰሩ።

ጥያቄ፦ ፋን ሳወጣ ስንት ደቂቃ አለኝ?

መልስ፦ እንደ ሞዴሉ ነው፤ አንዳንድ ስዊች ፋኑ ቶሎ ካልተመለሰ ራሱን ያጠፋል። ስለዚህ አዲሱን አስቀድማችሁ ከካርቶኑ አውጥታችሁ አጠገባችሁ አድርጉ። አሮጌውን በአንድ ጊዜ መዝዛችሁ አታውጡት፤ ትንሽ ሳቡና ምላጮቹ መሽከርከር እስኪያቆሙ ጠብቁ። የቀሩት ፋኖች ድንገት ቢጮኹ አትደንግጡ፣ የጎደለውን አየር እያካካሱ ነው።

ጥያቄ፦ አንዱ ፋን እጀታው ቀይ፣ ሌላው ሰማያዊ ነው። ልዩነት አለው?

መልስ፦ ትልቅ ልዩነት አለው። ብዙ አምራቾች በቀለሙ የአየሩን አቅጣጫ ያመለክታሉ። አንዱ ከፊት ወደ ኋላ፣ ሌላው ከኋላ ወደ ፊት ከነፋ ሙቀቱ እዚያው ይዞራል። ፓወር ሰፕላዩም የራሱ ፋን ስላለው አቅጣጫው ከሌሎቹ ጋር አንድ መሆን አለበት። ከመግዛታችሁ በፊት የዕቃውን ቁጥር እስከ መጨረሻው ፊደል አመሳክሩ።

ጥያቄ፦ መተኪያው እስኪደርስ የተበላሸውን ላውጣው?

መልስ፦ አታውጡት። ባዶ ቀዳዳ አየሩን ያሾልካል። ማውጣት ግድ ከሆነ በመክደኛው ዝጉት።

ጥያቄ፦ ሁለት ዕቃ መቀየር ካለብኝስ?

መልስ፦ አንድ በአንድ። አዲሱ አልገባ ካለ አትግፉት፣ አውጥታችሁ አቅጣጫውንና መሰኪያውን እዩ። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ፣ ሎጉ ላይም ስህተቱ ተነስቶ ስታዩ ብቻ ወደ ሁለተኛው እለፉ።