መልስ፦ ትንሽ ማኅበርም በማጭበርበር ይጎዳል?

ወንድሜ፣ «ሃያ ሰው ያለን የዓሣ ማኅበር ነን፤ ማጭበርበር የባንክና የፋብሪካ ጣጣ አይደለም ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ የማየው በተቃራኒው ነው።

እዚሁ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር በአንድ ትንሽ የዓሣ ማኅበር መሸጫ ሠርቻለሁ። አምባዛውን የሚመዝነውም፣ ደረሰኝ የሚቆርጠውም፣ ብሩን ባንክ የሚያስገባውም አንድ ልጅ ነበር፤ ሁላችንም እንደ ወንድም የምናምነው። በየቀኑ ጥቂት ኪሎ ሳይመዘገብ ይወጣል። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሆነና፣ ስንነቃ የመረብና የነዳጅ መግዣው አልቋል። ሁለት ጀልባ ቆመ። ከብሩ ይልቅ ያመመኝ ግን አባላቱ እርስ በርስ መተያየት ማቆማቸው ነው።

ትልቅ ድርጅት በብር ብዛት የበለጠ ሊያጣ ይችላል፤ ግን የውስጥ ኦዲተር አለው፣ ኪሳራውንም ይሸከማል። የእርዳታ ድርጅት ሲሆን ለጋሹ ይሸሻል። መንግሥት ቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀዳዳው ግዥ ላይ ነው፤ የሚጎዳውም ሕዝቡ ነው።

ዓለም አቀፉ የማጭበርበር መርማሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ ድርጅቶች በዓመት ከገቢያቸው 5 በመቶ ያህሉን በዚህ እንደሚያጡ መርማሪዎቹ ገምተዋል። ከተጠኑት ጉዳዮች 43 በመቶው የታወቁት በጥቆማ ነው፤ ኦዲት ከዚያ በጣም ያንሳል።

ስለዚህ የሚመዝነው ሰው ብር አይንካ። ማታ ማታ ሁለት ሰው ቆጥሮ ይፈርም። አባላቱም የጠረጠሩትን ለማን እንደሚነግሩ ዛሬውኑ ይወቁ፤ ስብሰባ እስኪጠራ አትጠብቅ።