ስምዖን ዘዓምድና ለንስሐ አባት ያልተነገረ ስእለት

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ መስከረም 14 ቀን የአባ አጋቶን ዘዓምድ ዜና የየዕለቱን የቅዱሳን ታሪክ ከያዘው መጽሐፍ ከስንክሳር ሲነበብ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ልቤ በዓምድ ላይ ስለ ኖሩት አባቶች ማሰብ አልተወም። ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው እየተባለ እንዲህ ማስጨነቅ ይገባልን? ሰው ሁሉ እያየው ከፍ ብሎ መጸለይስ «በስውር ጸልይ» ከሚለው የጌታ ቃል ጋር አይጋጭምን? እንዲህ እያልኩም ቀናሁባቸው። በጽጌ ጾም ሦስት ቀን እህልና ውኃ ሳልቀምስ፣ ሌሊቱንም ቆሜ ለማደር ተስያለሁ። ጨጓራዬን ስለሚያመኝ ይከለክሉኛል ብዬ ለንስሐ አባቴ አልነገርኳቸውም።

መልስ፦ እኅቴ፣ አባ አጋቶንም ዓምድ ላይ የወጣው እንደ አንቺ በሌላው ገድል ቀንቶ ነው። የስምዖን ዘዓምድን ዜና እየደጋገመ ያነብ ነበር። ነገር ግን ያነበበው በግብፅ በረሃ ወዳለው አስቄጥስ ገዳም ገብቶ፣ ከአረጋውያን እግር ሥር ተቀምጦ ነው። 40 ዓመት በዓለም፣ 10 ዓመት በገዳም ከኖረ በኋላ ወደ ዓምዱ ወጥቶ 50 ዓመት ቆየ። አንቺ ግን በመስከረም ሰምተሽ ለጽጌ ጾም ቸኮልሽ።

ወደ ስምዖን እንመለስ፤ የዚህ ሥርዓት ጀማሪ እርሱ ነውና። በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በሶርያና በኪልቅያ ድንበር አካባቢ የተወለደ እረኛ ነበር። ስለ እርሱ በሕይወት ሳለ ከጻፉት አንዱ በሶርያ የነበረችው የቂሮስ ከተማ ኤጲስ ቆጶስ ቴዎዶሪጦስ ነው። ይህ ሰው ከአባታችን ከቅዱስ ቄርሎስ ጋር በሃይማኖት የተከራከረ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም ስምዖንን በዓይኑ ያየ ስለሆነ በዚህ ጉዳይ ምስክርነቱን አልጥልበትም።

ስምዖን ገና ወጣት መነኩሴ ሳለ ከሰሌን የተገመደ ሻካራ ገመድ በወገቡ ላይ ከልብሱ ሥር አሰረ። ለማንም አልተናገረም። ገመዱ ሥጋውን በልቶ ደም ሲወርድ ታየና ነገሩ ተገለጠ። የገዳሙ አባቶች ምን አደረጉ? አላመሰገኑትም። ቁስሉን አክመው፣ ደካሞች ወንድሞች ከአቅማቸው በላይ ሊመስሉት ሞክረው እንዳይጎዱ ብለው ከገዳሙ አሰናበቱት። የተሰናበተው እንግዲህ በኋላ የዓለም መብራት የተባለው ሰው ነው! አባቶቹ ያሰቡት ለአንቺ ዓይነቱ ነበር።

ከዚያ ተላኒሶስ ወደምትባል መንደር ሄዶ በትንሽ ጎጆ ገባ። ዐቢይ ጾምን ምንም ሳይቀምስ ሊጾም ፈለገና ባሶስ የሚባለውን የአካባቢውን ካህናት ጠባቂ በሩን በጭቃ እንዲመርግበት ለመነው። ባሶስ ራስን መግደል ጽድቅ እንዳይመስለው አስጠነቀቀው። ስምዖንም 10 እንጀራና አንድ ማሰሮ ውኃ አስቀምጥልኝ፣ ካስፈለገኝ እቀምሳለሁ አለ። ከ40 ቀን በኋላ በሩ ሲከፈት እንጀራውም ውኃውም እንዳለ ነበር፤ ስምዖን ግን ድምፅም እንቅስቃሴም አጥቶ ወድቆ ነበር። ባሶስ አፉን በሰፍነግ አርሶ ቅዱስ ቊርባን አቀበለው። ይህን ታሪክ ስናወራ ጾሙን እንጂ ማሰሮውን አናነሳም። ማሰሮው እዚያ የተቀመጠው ሥጋን መግደል የጾም ዓላማ እንዳልሆነ አባቶች ስለሚያውቁ ነው።

በኋላም በተራራው ላይ እግሩን በሰንሰለት ከዓለት ጋር አሰረ። መላጥዮስ የሚባል የቤተ ክርስቲያን ሹም መጥቶ፣ ፈቃድህ ካሰረህ ብረቱ ምን ያደርጋል አለው። ስምዖን አልተከራከረም፤ አንጥረኛ ተጠርቶ ሰንሰለቱ ተፈታ። ብረቱ እግሩን እንዳይልጠው ተጠቅልሎ የነበረው ቆዳ ሲቀደድ ከ20 የሚበልጡ ትኋኖች ተገኙበት፤ እነዚያን ሁሉ በእጁ መግደል ሲችል ታግሶ ኖሯል።

ወደ ዓምዱ የወጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሕዝቡ በረከት ፈልጎ ልብሱን ለመንካት ሲጋፋው ከመጨናነቁ ለመሸሽ ወጣ። መጀመሪያ 6 ክንድ፣ ቀጥሎ 12፣ ከዚያ 22፣ በመጨረሻም 36 ክንድ ሆነ። እንግዲህ «በስውር ጸልይ» ላልሽው፣ ስምዖን ሰው እንዲያየው ሳይሆን ሰው እንዳይደርስበት ነው ከፍ ያለው። ሰዉ ግን ተከተለው። ያን ጊዜ አላባረራቸውም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጸልያል፣ ከዘጠኝ በኋላ ያስተምራል፣ የተጣሉትን ያስታርቃል፣ ፀሐይ ስትገባ ወደ ጸሎቱ ይመለሳል። አንድ ዲያቆን፣ አይበላም አይተኛም ይሉሃል፤ ሰው ነህ ወይስ ሥጋ የሌለህ መንፈስ? ብሎ ቢጠይቀው መሰላል አስቀርቦ አስወጣውና በእግሩ ላይ ያለውን ቁስል አሳየው፤ ምግብ እንደሚበላም ነገረው። ውዳሴ ከንቱ የሚፈልግ ሰው መሰላል አያስቀርብም።

የበረሃ አባቶችም ይህን ያልተለመደ ኑሮ ሰምተው ዝም አላሉም። መልእክተኛ ሲልኩ፣ ውረድ በሉት፤ እሺ ካለ ተዉት፣ እምቢ ካለ ጎትታችሁ አውርዱት ብለው አዘዙ። ስምዖን ቃሉን እንደ ሰማ ለመውረድ እግሩን አነሣ። በዚያ ፈተና ነው ዓምዱ ከእግዚአብሔር መሆኑ የታወቀው። ከ30 ዓመት በላይ እንዲህ ኖሮ በ459 ዓመተ ምሕረት በፈረንጆች አቆጣጠር ዐረፈ። ቤተ ክርስቲያንን ለሁለት ከከፈለው ከኬልቄዶን ጉባኤ በኋላ የተለያዩት ሁለቱም ወገኖች ያከብሩታል። ከዓምዱ የቀረው ድንጋይ ዛሬም በሶርያ ከሐለብ ከተማ ሰሜን ምዕራብ በቤተ ክርስቲያኑ ፍርስራሽ መካከል አለ።

ስለ ሥጋ ለጠየቅሽው፣ ቅዱስ ጳውሎስ ሥጋዬን እየጎሰምኩ አስገዛዋለሁ ይላል (1ቆሮ. 9፥27)፤ በገዛ ፈቃድ አምልኮ ሥጋን መጨቆን ጥበብ እንደሚመስል ደግሞ በቆላስይስ 2፥23 ያስጠነቅቃል። ሁለቱን የሚለየው መታዘዝ ነው። አባታችን አቡነ ተክለ ሃይማኖት በአንድ እግራቸው ሰባት ዓመት ከመቆማቸው በፊት በስንት መምህራን ሥር በትሕትና እንዳገለገሉ ገድላቸውን አንብቢ።

የአንቺ ስእለት የጎደለው ይህ ነው። ይከለክሉኛል ብለሽ መደበቅሽ ብቻውን መልሱን ይሰጥሻል። የጽጌ ጾም የፈቃድ ጾም ነው፤ የሕግ መጽሐፋችን ፍትሐ ነገሥትም ለታመመ ሰው በግዴታው ጾም እንኳ ይራራል። ሕማሙ የሌለባቸው ምእመናንም ቢሆኑ በሰሙነ ሕማማት ሲያከፍሉ፣ ማለትም እህልና ውኃ ሳይቀምሱ ሲቆዩ፣ ከአባቶቻቸው ጋር ተማክረው ነው። ስእለት አፈረስኩ ብለሽ አትሸበሪ፤ ንስሐ አባትሽ ሊፈቱሽ ወይም በሌላ ሊለውጡልሽ ሥልጣን አላቸው። ጾሙ ሳይገባ ሂጂና የጨጓራሽን ነገር ሳትደብቂ፣ ሐኪም የነገረሽንም ጨምረሽ ንገሪያቸው። እስከ ስንት ሰዓት እንደምትጾሚና ሌሊት ምን ያህል እንደምትቆሚ እርሳቸው ይወስኑልሽ።