«ታዲያ ለምን ይጠይቀኛል?»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። አንባቢው እየመረጠ የሚሄድበት ታሪክ ትዋይን በሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም እየጻፍኩ ነው። ስለ ሐምሌ 1998ቱ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ነው፤ እናቴ እየነገረችኝ ነው ያደግኩት። በየገጹ ሁለት ምርጫ አስቀምጣለሁ። አንዱ ገጽ «እናትህን ታድናለህ ወይስ ወንድምህን?» ይላል። አሁን መንገዱ በዝቶ ጠፋብኝ። ያነበቡልኝ ጓደኞቼም መሃል ላይ ይተዉታል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ የኔ እህት፣ ይህን ታሪክ መያዝሽ ደስ ብሎኛል። እንዳትተዪው።

ከብዛቱ ልጀምር። በየገጹ ሁለት ምርጫ ካለና መንገዶቹ ካልተገናኙ፣ አሥር ምርጫ ሲያልቅ 1,024 መጨረሻ ይጠብቅሻል። ይህን ጽፎ የሚጨርስ የለም። ስለዚህ መንገዶቹን ለያይተሽ መልሰሽ አገናኚያቸው። አንባቢው ከከዚራ ሰፈርም ይምጣ ከመጋላ፣ ደቻቱ ዳር ይገናኝ።

መገናኘታቸው ብቻውን ግን አይበቃም። እኔ እዚህ ሐረር በጀጎል ግንብ አምስት በሮች አንድ ታሪክ ጽፌ ነበር። አንባቢው በሸዋ በር፣ በቡዳ በር፣ በሰንጋ በር፣ በኤረር በር ወይም በፈላና በር ይገባል። የጎረቤቴ ልጅ ስልኬን ተቀብሎ በቡዳ በር ገባ። ተመልሶ ደግሞ በኤረር በር ገባ። ሁለቱንም ጊዜ አንዲት አሮጊት በዚያው ቃል ተቀበለችው። ስልኩን መለሰልኝና «ታዲያ ለምን ይጠይቀኛል?» አለኝ።

ልክ ነበር። ጓደኞችሽም የተዉት ለዚህ ይመስለኛል። ታሪኩ ምርጫቸውን አላስታወሰላቸውም። ልጆች ሆነን እንቆቅልህ ስንጫወት መልሱ የጠፋው ልጅ «አገር ስጠኝ» ይባል የለ? ጠያቂው የተሰጠውን አገር ስም ይዞ ይፎክርበታል። የሰጠኸው ነገር ተመልሶ ይመጣብሃል። ጨዋታውን የሚያጣፍጠው እሱ ነው።

ትዋይን ላይ ይህን የሚሠራልሽ ተለዋዋጭ የሚባለው፣ የአንባቢውን ምርጫ የሚይዝ መዝገብ ነው፤ ከስሙ ፊት የዶላር ምልክት ታደርጊለታለሽ። አንባቢው ፋኖሱን ካነሳ ይመዘገባል። ከሦስት ገጽ በኋላ ጨለማው ውስጥ ሲገባ ያ ፋኖስ ይበራል፣ ካላነሳ ደግሞ በዳበሳ ይሄዳል። ገጹ ያው ነው፣ ሌሊቱ ግን ሌላ።

አሁን «እናትህን ወይስ ወንድምህን?» ወደሚለው ገጽ ልምጣ። እባክሽ አውጪው። ያ ጎርፍ በሌሊት፣ ሰው በተኛበት ነው የመጣው። ማንም ተቀምጦ ማን ይትረፍ ብሎ አልመረጠም። ዛሬም ድሬ ውስጥ እናቱን ያጣ ሰው ያነበዋል። አንባቢሽን ሰው በዚያ ሰዓት በእርግጥ ሊያደርገው የሚችለውን ጠይቂው። የጎረቤት በር ላንኳኳ ወይስ ሕፃኑን ልቀፍ? ጣሪያ ላይ ልውጣ ወይስ ልሩጥ?

መጀመሪያውንም ከቀኑ ጀምሪ። ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። አንባቢው አሸዋው ላይ ይራመድ፣ እዚያ የሚጫወት ልጅ ስሙን ይንገረው። ሌሊት የሚያንኳኳው በር የዚያ ልጅ ይሁን።

ስታትሚው ትዋይን ሁሉንም በአንድ ፋይል ያወጣልሻል። በቴሌግራም ላኪው፤ የወረደለት ሰው ያለ ኔትወርክም በስልኩ ብሮውዘር ይከፍተዋል። ለኔም ላኪልኝ። መጀመሪያ የማንኳኳው የልጁን በር ነው።