ወንጪ ለመጥለቅ ያሰባችሁ፣ ዳገቱን አስቡት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ዱባይ ነው፤ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። አምና ፉጃይራ ባሕር ላይ ስኩባ ዳይቪንግ (የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ መጥለቅ) ተምሬ የመጀመሪያውን የኦፕን ዋተር ሰርተፊኬት ወስጃለሁ። እስካሁን 14 ጊዜ ጠልቄያለሁ። ለገና ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አገር ቤት እንመጣለን፤ እነሱም እንደኔ ጀማሪ ናቸው። የወንጪን ሐይቅ በፎቶ ካየን ወዲህ ሌላ ወሬ የለንም። እዚያ መጥለቅ ይቻላል ወይ? ምን ይዘን እንምጣ? ያለን ጊዜ አምስት ቀን ብቻ ነው።
ሰ.፣ ከዱባይ

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ትንሽ ቀናሁ። እኔ መጥለቅ የተማርኩት ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ ነው፤ ያውም የመርከብ ሆድ ለመፋቅ። ዓሣ ለማየት ብሎ ገንዘብ ከፍሎ የሚጠልቅ ሰው ያየሁት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው።

ይቻላል ወይ ላልሽው፣ ይቻላል። በአምስት ቀን ግን አይሆንም። ሦስት ጀማሪ ሆናችሁ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። ተቆጣኝ እንዳትይ፣ ምክንያቱን ልንገርሽ።

ወንጪ ከባሕር ጠለል በላይ 2,900 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ውሃ ነው። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት ፉጃይራ ካለው በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ፉጃይራ ላይ ከ10 ሜትር ስትወጪ ሰውነትሽ ላይ ያለው ግፊት በግማሽ ይቀንሳል። ወንጪ ላይ ግማሽ ለመቀነስ ከ7 ሜትር መውጣት ይበቃል። ስለዚህ ወንጪ ላይ 12 ሜትር ወረድሽ ማለት ለሰውነትሽ ባሕር ውስጥ 17 ሜትር ያህል እንደ ወረድሽ ነው። በሰርተፊኬትሽ የተፈቀደልሽ 18 ሜትር መሆኑን አትርሺ። አስተማሪሽ የሰጠሽ፣ በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ እንደምትቆዪ የሚነግርሽ ሠንጠረዥም የተሠራው ለባሕር ነው። ከ300 ሜትር ከፍታ በላይ ከሆንሽ ማስተካከያ ይፈልጋል።

ይኼ የመጀመሪያው ነገር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከውሃው ከወጣሽ በኋላ ያለው ነው።

አምቦ ውሃ ታውቂያለሽ። ክዳኑን ቀስ እያልሽ ስትከፍቺው እስስ ይልና ያበቃል። ባንዴ ስትከፍቺው ልብስሽ ላይ ይፈላል። ጠልቀሽ ስትወጪ ከምትተነፍሺው አየር ደምሽ ውስጥ የገባው ናይትሮጅንም እንደዚያው ነው፤ ግፊቱ ባንዴ ሲለቀው አረፋ ይሆናል። አንቺ ጎበዝ ነሽ እንበል፣ ውሃው ውስጥ ቀስ ብለሽ ወጣሽ። ክዳኑ ግን ገና ተከፍቶ አላለቀም። ወንጪ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው፤ ከዚያ ተነስቶ የትም ለመሄድ መጀመሪያ ዳገቱን መውጣት ነው። አፋፉ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። መኪና ውስጥ ተቀምጠሽ፣ ዘፈን ከፍተሽ፣ እየሳቅሽ፣ ጠርሙሱን እየከፈትሽው ነው።

ይኼን ከመጽሐፍ አይደለም የተማርኩት። በ1986 ዓ.ም. ላንጋኖ ላይ የአንድ ሰው የጀልባ ሞተር ሰጥሞበት ጠራኝ። የላንጋኖ ውሃ ወተት የበዛበት ሻይ ነው የሚመስለው፤ እጅሽን አፍንጫሽ ላይ ብታደርጊው አይታይሽም። 15 ሜትር ላይ ጭቃውን እየዳበስኩ ስድስት ጊዜ ወረድኩ፣ ስድስት ጊዜ ወጣሁ። ሞተሩን ያገኘሁት በስድስተኛው ነው። ገንዘቤን ተቀበልኩ፣ ዓሣ ጥብሴን በላሁ፣ ማታውኑ በፒካፕ ወደ አዲስ አበባ። ላንጋኖ 1,600 ሜትር ገደማ ነው፣ አዲስ አበባ 2,300ን ያልፋል። ሞጆ ላይ ደህና ነበርኩ። ቃሊቲ ስንደርስ ቀኝ ትከሻዬን ሰው በመሮ የሚፈለፍለው መሰለኝ። ባለቤቴ ብርድ ነው ብላ ቪክስ አሸችኝ። ሦስት ቀን በግራ እጄ ጎረስኩ። እናቴ ብታይ ምን እንደምትለኝ እግዜር ይወቀው። ያ አረፋ ትከሻዬን ትቶ አከርካሪዬ ውስጥ ቢገባ ኖሮ ዛሬ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነበርኩ።

የጠላቂዎች ደንብ ይኼ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ከጠለቅሽ 12 ሰዓት፣ ደጋግመሽ ወይም ለበርካታ ቀን ከጠለቅሽ 18 ሰዓት ሳይሞላሽ አውሮፕላን አትሳፈሪም። እንደኛ ባለ አገር ውስጥ ዳገትም አውሮፕላን ነው።

እስቲ አምስቱን ቀን እንቁጠራቸው። አንድ ቀን ቦሌ ደርሰሽ፣ ዘመድ ስመሽ፣ ዶሮ ወጥ በልተሽ ያልቃል። በሁለተኛው ወደ ወንጪ ትሄጃለሽ፤ በዚያው ቀን ግን አትገቢም። ከባሕር ዳርቻ የመጣ ሰውነት ቀጭኑን አየር እስኪለምድ እዚያው ማደር አለበት፤ ፎቅ ስትወጪ ራሱ ታለከልኪያለሽ። በሦስተኛው ቀን ትጠልቂያለሽ። ያን ማታ እዚያው ሐይቁ ዳር ታድሪያለሽ። በአራተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ትወጫለሽ፣ በአምስተኛው ወደ ቦሌ። ያ ሁሉ ዕቃ የተጎተተው ለአንዲት 30 ደቂቃ ነው። ኮራልም ሆነ እንደ ፉጃይራ ያጌጠ ዓሣ ደግሞ አትጠብቂ፤ ጨው የሌለው የደጋ ውሃ ነው።

እኔን ብትሰሚ ዘንድሮ ወንጪን በፈረስና በጀልባ ጎብኚው። ፍል ውሃውን እይው፣ ሰዎቹን ተዋወቂ። ለከርሞ አሥር ቀን ይዘሽ ነይ። ከዚያ በፊት እዚያው ዱባይ ከፍታ ቦታ ላይ መጥለቅን የሚያስተምር ኮርስ ውሰጂ፤ ከሦስታችሁ ሌላ ከፍታ ላይ የጠለቀ ሰው ይኑራችሁ። መጀመሪያ ቢሾፍቱ ባቦጋያ ላይ ሞክሩት። 1,900 ሜትር ገደማ ነው፣ ከወንጪ አንድ ሺህ ሜትር ዝቅ ይላል። ዳሩ ቶሎ ቁልቁል ስለሚወርድ ተንሳፋፊ ምልክት ያለው ገመድ አስራችሁ፣ ከ8 ሜትር ሳታልፉ። ማታም እዚያው ቢሾፍቱ እደሩ። አዲስ አበባ ቅርብ ነው ብላችሁ እንዳትነሱ፤ ያችም መንገድ ከ400 ሜትር በላይ ትወጣለች።

ስለ ዕቃው ደግሞ። አየር የሚሞላልሽን ሰው ሳታረጋግጪ ትኬት አትቁረጪ። ከዱባይ የተሞላ ሲሊንደር ይዤ እመጣለሁ ካልሽ አየር መንገድ አይጭንልሽም፤ ባዶ ሆኖ ቫልቩ መፈታት አለበት። አንድ ጎረምሳ በቀደም “ጎሚስታ ጋ እናስነፋዋለን” ሲለኝ የምለው ጠፋኝ። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ቢበዛ 10 ባር ገደማ ነው፤ ሲሊንደርሽ 200 ባር ይፈልጋል። ቢሞላ እንኳን የምትስቢው የዘይት ጭስ ነው። ለመተንፈሻ ተብሎ የተሠራ፣ ማጣሪያው በጊዜው የተቀየረ ኮምፕሬሰር ካልሆነ ይቅር።

ጥልቀትና ጊዜ የሚቆጥርልሽ የጥልቀት ኮምፒውተርሽ ከፍታን በራሱ ያውቅ እንደሆን መመሪያውን አንብቢ። አንዳንዱ በእጅ ካልነገርሽው ፉጃይራ ያለሽ ይመስለዋል። እስከ ስንት ሜትር ከፍታ እንደሚሠራም እይ። ልብስሽ 7 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ የገና ሰሞን ደጋ ላይ እንደ ዱባይ አይደለም። እንድትሰምጪ የሚረዳሽን የወገብ ክብደት፣ እርሳሱን፣ ልክ እንደ ባሕሩ አትታጠቂ። ጨው የሌለው ውሃ እንደ ባሕር ስለማያንሳፍፍ ሁለት ኪሎ ያህል ትቀንሻለሽ፣ ወፍራሙ ልብስ ደግሞ መልሶ ያስጨምርሻል። ዳር ላይ ቆመሽ ለኪው።

ንጹሕ ኦክስጅን ከነጭንብሉ ሐይቁ ዳር ከሌለ ማንም እንዳይገባ። ወሊሶም አምቦም ሆስፒታል አለ፤ ወደ ሁለቱም የሚኬደው ግን በዚያው ዳገት ነው። አረፋ የገባበት ጠላቂ የሚታከምበትን የግፊት ክፍል በቅርብ አገኛለሁ ብለሽ አታቅጂ። መቼም አላገኝም ብሎ የሚያቅድ ጠላቂ ቀስ ብሎ ይወጣል።

ፈቃዱን ደግሞ በስልክ አትጨርሺውም። ወረዳው ጋ ደብዳቤ አስገቢ፣ ጀልባ የሚያሻግሩትን የአካባቢውን ልጆች ቀድመሽ አናግሪ። ደሴቱ ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ካህናቱ ሳያውቁ በዚያ በኩል መግባት ነውር ነው። ጠላቂ በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነም አትርሺ። ሰው የሚያውቀው ወንዝና ኩሬ ውስጥ ሬሳ ሲፈልግ ነው። እኔ ጥቁሩን ልብስ ለብሼ ብቅ ባልኩበት ሁሉ መጀመሪያ የሚመጡት እናቶች ናቸው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። “የማን ልጅ ነው?” ይሉኛል። ስለዚህ ሳትለብሺ በፊት ለሽርሽር መምጣትሽን ተናገሪ። ሳቅ ይሆናል፣ ቡናም ይፈላልሻል።

ጥያቄ፦ እኔና ወንድሜ ደግሞ ያሰብነው ሻላን ነው። ከላንጋኖ ይልቅ ሰማያዊ ስለሆነ ይሻላል ብለን። ምን ይላሉ?
አንባቢ፣ ከሻሸመኔ

መልስ፦ ሰማያዊ መሆኑ አያታልላችሁ። ሻላ ሶዳ የሚባለው ጨው የበዛበት ውሃ ነው፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ዕቃም ይበላል። ጥልቀቱ 266 ሜትር ነው፣ የወደቀባችሁን ነገር ደህና ሁን ብላችሁ ነው የምትለዩት። ቦታውም የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ደሴቶቹ ላይ ፔሊካኖች ጎጆ ሠርተው ይፈለፍላሉ፣ የሚረብሻቸው ሰው አይፈልጉም። የሩቅ ማያ መነጽር ተዋሱና ከዳር ሆናችሁ እዩአቸው። ፍል ውሃው ጋ ስትሄዱ በቆሎ ያዙ፤ ልጆቹ ውሃው ውስጥ ይቀቅሉላችኋል።