ስለታሰሩ ጦጣዎች ለጠየቃችሁኝ

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ከሥራ ዘመኔ ዘጠኙን ዓመት ያሳለፍኩት ከሆቴል በርና ከሰው ግቢ የተወሰዱ ጦጣዎችንና ዝንጀሮዎችን በማከም ነው። «ጠይቁኝ» ብዬ ስለነበር ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል፤ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እንደ አመጣጣቸው እነሆ።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ አጎቴ ሲያርፉ ምግብ ቤታቸው ለእኔ ደረሰ፤ ከዕቃው ጋር በር ላይ በሰንሰለት የታሰረ ጦጣም አብሮ መጣ። ስድስት ዓመቱ ነው ይላሉ። ምግቡን፣ ሕክምናውን፣ ቤቱን፣ ከየቱ ልጀምር?

መልስ፦ «መጀመሪያ መቀመጫዬን» አለች ዝንጀሮ፣ እሾህ መላ አካሏን ወግቷት የቱ ይነቀልልሽ ቢሏት። የእርስዎ ጦጣ መቀመጫው ወገቡ ነው። በግልገልነቱ የታሰረለት ሽቦ ወይም ቀበቶ ከሆነ አካሉ አድጓል፣ ቀበቶው ግን አላደገም። አንዲት ጦጣ ስትመጣልን ቀበቶዋ ጭራሽ አይታይም ነበር፤ መኖሩን የነገረን ሽታው ነው። ጠጉሯን ስንላጭ ሽቦው ሥጋዋ ውስጥ ሰምጦ ቆዳ በላዩ በቅሎበታል። ስለዚህ በፒንሳ ልቁረጠው እንዳይሉ። በማደንዘዣ፣ በሐኪም እጅ የሚሠራ ነው። ዛሬ ማድረግ የሚችሉት ውኃ በማይገለበጥ ከባድ ዕቃ ማቅረብና ጥላ መሥራት ነው።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ የእኛ ጦጣ እንጀራ ይወዳል፣ ሻይም ይጠጣል። ምን ብንመግበው ይሻላል?

መልስ፦ ሻዩን ተዉት፤ ስኳሩ ጥርሱን ይጨርሰዋል። ጦጣ እንደ ሰው ሁሉ ቫይታሚን ሲን በራሱ አካል መሥራት አይችልም፤ ለወራት በእንጀራና በዳቦ ብቻ ከኖረ ድዱ ያብጣል፣ ይደማል፣ መገጣጠሚያው ይታመማል። ጎመን፣ ሰላጣ፣ ካሮት፣ ቃሪያ፣ የተቀቀለ ባቄላ፣ አልፎ አልፎ እንቁላል ስጡት። ሙዝ ማባበያ ይሁን እንጂ ቀለብ አይሁን። የገበያ ፍራፍሬ ለሰው ምላስ ተብሎ የጣፈጠ ነው፤ የዱሩ እንደዚያ አይጣፍጥም።

ግን ከምን እንደምትሰጡት ይልቅ እንዴት እንደምትሰጡት የበለጠ ይጨንቀኛል። ጦጣ በዱር የቀኑን ሰፊ ክፍል የሚያሳልፈው ምግብ ሲፈልግ ነው። በሳህን ስታቀርቡለት በአምስት ደቂቃ ይጨርሳል፤ የቀረውን ቀን ምን ይሥራበት? ይወዛወዛል፣ ጠጉሩን ይነጫል፣ የገዛ ክንዱን ይነክሳል። አንድ ጭብጥ ስንዴ ጭድ ውስጥ በትኑለት። አንድ በአንድ እየለቀመ ግማሽ ቀን ይሰነብትበታል፤ ወጪውም ከሻዩ ያነሰ ነው።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ጭላዳስ?

መልስ፦ ጭላዳ ሣር በል ነው። ቀኑን ሙሉ በቂጡ ተቀምጦ በጣቶቹ እየነቀለ ይግጣል፤ ከዚህ የተለየ ኑሮ አያውቅም። ስዊዘርላንድ የሚገኘው የዙሪክ መካነ እንስሳት የእኛን ጭላዳዎች ሲያኖር በሰሜን ተራሮች የተሰየመ ገደላማ ስፍራ ሠርቶላቸዋል፤ በመንጋ እንጂ ነጥሎ አላስቀመጣቸውም። ግቢ ውስጥ ብቻውን ታስሮ ሙዝና ብስኩት የሚወረወርለት ጭላዳ ላይ ላዩን ቢወፍርም ከውስጥ የታመመ ነው።

ጥያቄ፦ ጉሬዛ ማሳደግ ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። ሆዱ ቅጠል እያብላላ የሚፈጭ ነው፤ ምግቡን በድንገት ቢለውጡበት ይሞታል።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ከሥራ ስመለስ ጦጣዬ ጥርሱን እያሳየ ይስቅልኛል። ይህ ፍቅር አይደለም?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስመልስ ሁልጊዜ ይከብደኛል፣ ጠያቂው ወዳጅ ነውና። ጦጣ ከንፈሩን ወደ ኋላ ስቦ ጥርሱን ሲገልጥ ፈርቻለሁ ማለቱ ነው። «አትምታኝ» ነው ቋንቋው። ቅንድቡን ወደ ላይ ስቦ የዐይኑን ቆብ እያሳየ ትክ ብሎ ሲያይዎት ደግሞ እየዛተ ነው። ቢቀመጡ፣ ፊትዎን ዞር ቢያደርጉ፣ ትክ ብለው ባያዩት «ሳቁ» ይቀንሳል። ይሞክሩት።

ጥያቄ፦ ልጄን ነከሰብኝ። እስካለፈው ዓመት ድረስ የዋህ ነበር። ክራንቻው ይነቀል?

መልስ፦ መጀመሪያ ልጁ። ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡና ዛሬውኑ ጤና ተቋም ይውሰዱት፤ የእብድ ውሻ በሽታ በጦጣም ንክሻ ይተላለፋል። ጦጣው ደግሞ ከሰው የሳንባ ነቀርሳና ኩፍኝ ይይዘዋል፤ ነገሩ የሁለት ወገን ነው።

ክራንቻውን አይንኩ። በጉጠት የተቆረጠ ጥርስ ሥሩ ተከፍቶ ይመግላል፣ መግሉም ወደ መንጋጋው ይዘልቃል። ክራንቻው ባይኖር እንኳ በቀሩት ጥርሶቹ ይነክሳል። ጠባዩ የተለወጠው ባለጌ ስለሆነ አይደለም። ወንድ ጦጣ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው የእናቱን መንጋ ትቶ ከሌሎች ወንዶች ጋር ሊፋለም የሚሄድበት ዕድሜው ነው። መንጋው እናንተ ናችሁ፤ የሚፋለመውም ከመካከላችሁ አጭሩን መርጦ ነው።

ጥያቄ፦ መንገድ ዳር የሚሸጥ ግልገል አሳዝኖኝ ገዛሁ። ወተት እያጠጣሁት ያስለዋል።

መልስ፦ እንደ ሰው ሕፃን በጀርባው አስተኝተው እያጠጡት ይሆናል፤ ወተቱ ወደ ሳንባው እየገባ ነው። በሆዱ ይደገፍ፣ ራሱ ቀና ይበል። የሕፃናት ዱቄት ወተት ይሻለዋል። ሙሉ ቀን የሚያቅፈው ለስላሳ ጨርቅም ይስጡት። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሃሪ ሃርሎው እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው ጥናት የጦጣ ግልገሎች ወተት ከምትሰጠው፣ ከሽቦ ከተሠራች «እናት» ይልቅ ወተት የሌላትን የጨርቅ «እናት» ሙጭጭ ብለው ይዘው ይውሉ ነበር። ሙከራው ጨካኝ ነበር፤ ያሳየው ግን እውነት ነው። እና አዝነው መግዛትዎ ይገባኛል፤ ሻጩ ግን ያየው ገንዘቡን ነው። ግልገል ከእናቱ ሆድ ላይ በልመና አይወሰድም፤ ብዙውን ጊዜ እናቲቱ ተገድላ ነው።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ እዚህ ሰዎች ጦጣ ሲሸጡ አያለሁ። አንድ ልግዛ?

መልስ፦ አይግዙ። ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ሕግ የዱር እንስሳትን በግል መያዝ ከልክለዋል። በስደት አገር ለጦጣ ብሎ መከሰስ ምን ይሉታል? የአገር ቤቱን ለጠየቃችሁም፣ በሕጋችን ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝ አይቻልም።

ጥያቄ (ከአዳማ፣ በድጋሚ)፦ ሐኪሙ ዓርብ እመጣለሁ ብሏል። ብቸኝነቱ ከብዶታልና እስከዚያ ሌላ ጦጣ ልግዛለት?

መልስ፦ ሐሳብዎ ትክክል ነው፣ መድኃኒቱ ሌላ ጦጣ ነው። የሚገዙት ግን አይደለም። የማይተዋወቁ ሁለት ጦጣዎች ባንድ ጊዜ ሲገናኙ ይቦጫጨቃሉ። እኛ ሳምንታት በሽቦ አጥር ማዶ ለማዶ አስቀምጠን፣ በአጥሩ ቀዳዳ መቀማመል ሲጀምሩ ነው በሩን የምንከፍተው። የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን አሁኑኑ ያነጋግሩ። ሆለታ አጠገብ በ77 ሄክታር ላይ ያለው፣ ቦርን ፍሪ የተባለው የእንስሳት ደኅንነት ድርጅት «እንስሳ ኮቴ» እንዲህ ያሉ ጦጣዎችና ዝንጀሮዎች የሚኖሩበት ማዕከል ነው። ጫካ ወስደው እንዳይለቁት ብቻ፤ የዱሩ መንጋ አይቀበለውም፣ እሱም ጭስ ያየበት ቤት መሄዱ አይቀርም።

እስከ ዓርብ ከበሩ አንስተው ወደ ጓሮ ይውሰዱት። ከሰው ራስ ከፍ ያለ የእንጨት መደብ ይሥሩለት፤ ጦጣ ከላይ ሆኖ ሲያይ ነው ልቡ የሚረጋው። ሰንሰለቱ ግን ከመደቡ ዘሎ መሬት ለመርገጥ የሚበቃው ይሁን፣ አለበለዚያ ተንጠልጥሎ ያድራል። ማታ ማታ ጎኑን ሰጥተው አጠገቡ ይቀመጡ፣ ሳያዩት ቆሎ ይብሉ። ጥቂቱን መሬት ላይ ይተዉለትና ይነሱ።